እቁብ ላይ የማያረፍድ ሠራተኛ ቢሮ ለምን ያረፍዳል?

ከዓመታት በፊት አብሮኝ የሚሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የትም ሊሆን ይችላል። መግቢያችን 2፡30 ነው። እሱ 3፡15 ገደማ ይደርስና ፊርማ መዝገቡ ላይ «2፡30» ብሎ ይፈርማል። መዝገቡን የምትይዘው ታውቃለች፣ የቅርብ ኃላፊያችንም ያውቃሉ፣ ማንም ምንም አይልም። ፋይሉ የጠፋበት ባለጉዳይ ሲመጣ ቀና ሳይል «ነገ ተመለስ» ይላል። ይኸው ሰውዬ እሑድ እሑድ የሠፈሩ እቁብ ዳኛ ነው። እዚያ ያረፈደ በደቂቃ ተቆጥሮ ይቀጣል። የማን ዕጣ መቼ እንደወጣ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ደብተር ሳይገልጥ ይዘረዝራል። አንድ ብር ጎደለበት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የሰኞውንና የእሑዱን ሰውዬ ምን እንደሚያለያያቸው ራሱኑ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «እዚያ የያዝኩት የሰው ገንዘብ ነዋ! እዚህ የያዝኩት የማንን ነው?»

በአገራችን ሥራ በተበላሸ ቁጥር የሚከሰሰው «የሥራ ባህላችን» ነው። አገልግሎት ሲጓተት የሥራ ባህል፣ ፕሮጀክት ሲዘገይ የሥራ ባህል፣ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሸሸው የሥራ ባህል። ክሱ ለከሳሹ ምቹ ነው፤ ባህል ወንበር የለውም፣ አይገመገምም፣ ከኃላፊነት አይነሣም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የማኔጅመንት ተማሪዎች በአጭሩ «ኦቢ» የሚሉት ትምህርት፣ ሙሉ ስሙ ኦርጋናይዜሽናል ቢሄቪየር፣ የሚነሣው ይህን ክስ ከመጠራጠር ነው። ሰው በመሥሪያ ቤት የሚያሳየው ጠባይ ከራሱ ብቻ አይመነጭም፤ ማንነቱ ከተቀመጠበት ሁኔታ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው ይላል። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሥነ ልቦና ሊቅ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1936 ይህንኑ በሒሳብ ቀመር መልክ አስቀምጦታል። የትምህርቱን ምዕራፎች በሙሉ ማንበልበል አልፈልግም። የእቁቡ ዳኛ ጥያቄ ላይ ብቆይ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ «ሰነፍነታችን» አንድ ነገር ልበል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ከሰዓት የማይገኘው ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ሲደርስ ቀን ፓርኪንግ ማታ ታክሲ ይሠራል። ደሙ አልተቀየረም፣ ያሳደገችውም ያቺው እናቱ ናት። የተቀየረው የሠራበት ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈለው መሆኑ፣ የኪራዩ ቀን መድረሱና ሥራው ዛሬ ቢቀር ነገ ሌላ ሰው ቦታው ላይ መቆሙ ነው። (የዐረብ አገሩን ትጋት ግን በዚህ ዝርዝር አልጨምርም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቆልፎባት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ልጅ የትጋት ምሳሌ ተደርጋ ስትጠቀስ ስሰማ ያመኛል።)

ጥያቄው በፋብሪካ ውስጥ በጥልቀት የተመረመረው ቺካጎ አጠገብ፣ ሲሴሮ በምትባል ከተማ ነው። የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሐውቶርን የተባለው ፋብሪካ የስልክ መሣሪያ ያመርት ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የጀመረው መብራት ሲጨምር ምርት ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ከመብራቱ ግልጽ መልስ አልተገኘም። በ1927 ጥቂት ሴት ሠራተኞች ለብቻቸው በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ዕረፍት ተሰጣቸው፣ ሰዓታቸው አጠረ፣ ደግሞ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ምርታቸው ግን በአብዛኛው እየወጣ ሄደ። ሰው ሲጠየቅና ሲታይ ይተጋል የሚለው ዝነኛ ድምዳሜ የመጣው ከዚህ ክፍል ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ድምዳሜውን ነቅፈውታል። የሴቶቹ አከፋፈል ተቀይሮ ነበር፣ በመሐሉም ሁለቱ በሌሎች ተተክተዋል፤ ታዲያ ሥራውን የሠራው ትኩረቱ ነው ወይስ ገንዘቡ?

ለእኛ ቢሮ የሚቀርበው ግን ብዙም የማይወራለት ሌላው ክፍል ነው። ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 አጋማሽ 14 ወንዶች ሽቦ ሲያገናኙ፣ ሲበይዱና ሲፈትሹ አንድ ታዛቢ ጥግ ይዞ መዘገባቸው። ክፍያው ቡድኑ በሠራው ልክ ስለሆነ፣ በወረቀት ሲታሰብ ሁሉም በርትቶ ሁሉም ብዙ ያገኛል። የሆነው ሌላ ነው። ሰዎቹ የቀን ሥራቸውን ራሳቸው ወስነውታል፤ ሁለት መሣሪያ፣ ማለትም ወደ 6,600 ግንኙነት ገደማ። እዚያ ሲደርሱ ቀዝቀዝ ይላሉ። ከዚያ ያለፈውን በቀልድ ይሰድቡታል፤ ካልገባው ክንዱን በቡጢ ይመቱታል። ከዚያ ያነሰውንም አይወዱትም። አለቃ ዘንድ ወሬ የሚያደርሰውን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይጠሉታል። አንድ ቀን የበለጠ ሠርተው በሌላው ቀን ያነሱ እንደሆነ እንኳ ሪፖርቱን አቻችለው እኩል ያስመስሉታል። የቅርብ አለቃቸው ያውቅ ነበር። ዝም አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የቺካጎ ወሬ ነው ወይስ የአራት ኪሎ? እኛ ዘንድ ቡጢው የለም፤ ምላስ ይበቃል። «መንግሥትን ብቻህን ልታቆመው ነው?» «እሱ እኮ ሹመት ፈልጎ ነው።» አዲስ የተቀጠረ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እየሮጠ ይሠራል። በሦስተኛው ይገባዋል።

የሐውቶርን ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ወቅቱ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ብዙ ብናመርት ኩባንያው የአንዱን ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይም ከመካከላችን አንዱ ይባረራል ብለው ፈርተዋል። በሥራቸው ላይ ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ ያላቸውን አንድ ሥልጣን ተጠቀሙበት፤ ቀስ ማለትን። ጥናቱ ራሱ የቆመው ሥራ ጠፍቶ ቅነሳ ሲመጣ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እውነትም ነው። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ግን ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1913 ታተመ። ስምንት ሰው አብሮ ሲጎትት የተገኘው ኃይል የየብቻቸው ተደምሮ ሊሆን ከሚገባው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። አንዱ ምክንያት እኩል አለመሳባቸው ነው። በ1970ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰውን ዓይኑን ሸፍነው፣ ከኋላው ሌሎች አብረውት የሚጎትቱ አስመስለው ሞከሩት። ማንም ሳይኖር፣ ሰው አለ ብሎ በማመኑ ብቻ ጉልበቱ ላላ።

ታዲያ ደቦ እንዴት ይሠራል? ደቦ የወጣ ገበሬ መደዳ ይሰለፋል፤ የእያንዳንዱ ማጭድ እስከ የት እንደደረሰ ከዳር ቆሞ ይታያል። ወደኋላ የቀረ በዘፈን ይወረፋል፣ የቀደመ ይወደሳል። ባለእርሻው ጠላውን አሰናድቶ እዚያው ነው። በወንፈል ደግሞ ዛሬ ያንተን ማሳ ያጨደልህ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ያንተን ክንድ ይጠብቃል። አባቶቻችን የሪንገልማንን ጥናት ሳያነቡ የገመዱን ችግር ፈትተውታል። የእያንዳንዱ ድርሻ የሚታይ፣ ውለታው የሚመለስ፣ ሥራው የማን እንደሆነ የሚታወቅ አደረጉት። እቁቡም እንደዚያው ነው። የእኛ ቢሮ ሪፖርት ግን «ዳይሬክቶሬቱ የዕቅዱን 87 በመቶ ፈጽሟል» ይላል። ማን ምን ያህል ጎተተ? ገመዱ ብቻ ነው የሚታየው።

ወደ ስብሰባው አዳራሽ እንግባ፤ የመሥሪያ ቤት ጠባይ እንደዚያ ራቁቱን የሚወጣበት ቦታ የለም። ኃላፊው ሪፖርት አንብበው «እስቲ አስተያየት» ይላሉ። ዝምታ። ወረቀት ይገለበጣል። አንዱ እጁን ያወጣል፦ «መድረኩን አመሰግናለሁ፤ ከእኔ በፊት የተባለውን ለማጠናከር ያህል ነው።» ከእሱ በፊት የተናገሩት ኃላፊው ብቻ ናቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ይኸው ተሰብሳቢ ማኪያቶውን እያማሰለ የሪፖርቱን ሐሰት በቁጥር ያስረዳል። የት ላይ እንደተበላሸ፣ ማን እንዳበላሸው፣ እንዴት እንደሚስተካከልም ያውቃል። ዕውቀቱ ሕንፃው ውስጥ አለ፤ የሌለው ከኮሪደር ወደ አዳራሽ የሚያስገባው በር ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ዝምታ ለምዶ ተመቻችቶለታል። በሪፖርት አማርኛ «ተሳሳትን» የሚባል ግስ የለም፤ «ክፍተት ታይቷል» ነው የሚባለው። ማን እንዳየው አይነገርም፣ ማን እንደፈጠረው ደግሞ ጨርሶ። «በቀጣይ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል።» ሠሪ የሌለው ግስ ለፈሪ ጥሩ መጠለያ ነው።

ፍርሃቱ ግን ከየትም አልመጣም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን ያደግን ነን። በላዩ ላይ የግምገማና የግለ ሂስ መድረኮች ትዝታ አለ፤ ዛሬ በቅንነት የተናገርከው ለሚቀጥለው ዝውውር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የታየበት። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ሄርት ሆፍስቴድ በየአገሩ ካሉ የአይቢኤም ሠራተኞች በሰበሰበው መጠይቅ፣ ታዛዦች የአለቃን የበላይነት ምን ያህል እንደሚቀበሉ በነጥብ ሲለካ ለምሥራቅ አፍሪካ 64 ሰጥቷል። ከፍ ያለ ነጥብ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ በአንድ ከረጢት ነው የተለኩት፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር እያነሡ «ባህላችን ነው» ለሚሉ አሠልጣኞች ብዙም ጆሮ አልሰጥም። ያ በቢሮ ዝም የሚል ሰው እድሩ ላይ ሊቀ መንበሩን ተነሥቶ «ሒሳቡ አልገባኝም» ይላል። እድሩ ከደመወዙ ሊቆርጥበት፣ ዕድገቱን ሊይዝበት አይችልም።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየኝ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የኤሚ ኤድመንድሰን ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ የተሻለ የሚሠሩ ቡድኖች አነስ ያለ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ተገላቢጦሽ ሆነባት፤ ጥሩዎቹ ቡድኖች የበለጠ ስህተት አስመዝግበዋል። ቆይቶ ነው የገባት። እነሱ የበለጠ አልተሳሳቱም፤ ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ በነርሷ ደረት ውስጥ ይቀበር ነበር። እንግዲህ «ምንም ቅሬታ አልቀረበም» የሚል ሪፖርት የደረሰው ኃላፊ ደስ ሊለው ነው ወይስ ሊደነግጥ?

ካይዘን በተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ላይ የደረሰውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ጋር በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ነፍሱ ከታች ያለው ሠራተኛ «ይህ አሠራር ልክ አይደለም፤ እንዲህ ብናደርገውስ?» ማለቱ ነው። ካየኋቸው ቦታዎች በአንዳንዶቹ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ቢጫ መስመርና መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር አሁንም አለ። የሐሳብ መስጫው ሰሌዳ ላይ ያለው ግን የድሮ የስብሰባ ማስታወቂያ ነው። የሚታየው ክፍል ተወርሷል፣ የሚነገረው ክፍል አልተወረሰም።

አሁን ወደ ደመወዝ። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆን ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰው የሚያገኘውን ብቻውን አይመዝንም፣ አጠገቡ ካለው ሰው ድካምና ገቢ ጋር ያነጻጽራል። ሚዛኑ ያዘመመ ሲመስለው ራሱ ያስተካክለዋል፤ ገቢውን ማሳደግ ካልቻለ ድካሙን ይቀንሳል። የቅርቡን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ በዚህ ዓይን እንየው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ዘሎ 4,760 ብር ሲገባ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነው ፈቀቅ ያለው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኑሮ ውድነቱ ከታች ያለውን ክፉኛ ይጫን ስለነበር ምክንያቱ ይገባኛል። ሃያ ዓመት ያገለገለ ባለሙያ ግን የራሱን ሒሳብ ነው የሠራው፤ ትናንት ከተቀጠረው ጋር የነበረው ርቀት በአንድ ወር ጠበበ። ኪሱ አልተነካም፣ ግን የተቀማ መሰለው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጣው ማስተካከያ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከታች ከ4,760 ወደ 6,000፣ ከላይ ከ21,492 ወደ 39,000። የላይኛው ከታችኛው አራት እጥፍ ተኩል ገደማ የነበረው ስድስት እጥፍ ተኩል ሆነ። አሁን የሚያጉረመርመው የታችኛው ነው። ሁለቱም ጊዜ ሁሉም ደመወዝ ተጨምሮለታል፤ ሁለቱም ጊዜ የተከፋ አለ። መሥሪያ ቤቶች ስለ ጭማሪው መጠን እንጂ ርቀቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለሠራተኛው ሲያስረዱ አላየሁም፤ ቅሬታው የሚያድገው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ያልረካ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? የኢኮኖሚ ሊቁ አልበርት ሐርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት መንገድ አሳይቷል፤ መውጣት ወይም መናገር። የኢንዱስትሪ ፓርክና የፋብሪካ ሠራተኞቻችን መውጣቱን መርጠዋል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መድበው ተከታትለው ነበር፤ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀዋል። ሥራው አድካሚ፣ ለጤናም የሚያሰጋ፣ ክፍያው ደግሞ ከሌላ ቦታ የማይበልጥ ነበር። ባለሀብቶች ይህን «ጽናት ማጣት» ይሉታል። እኔ ሒሳብ ማወቅ እለዋለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛው ግን ጡረታው ይይዘዋል፤ አይወጣም። መናገሩም አያዋጣውም። ያኔ ሦስተኛ መንገድ ያበጃል፤ ልቡ ይሸፍትና አካሉ ወንበር ላይ ይቀራል። ኮቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኮምፒዩተሩ በርቷል። «አሁን እዚህ ነበር» ይሉሃል።

ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ሰውየው ላይ ያነጣጥራል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን ፈተና አስቀመጠ፤ ብዙዎች ማለፊያውን አላገኙም። በ2017 አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1353፣ ወጣ፤ ብቃትና ውጤት የሚሉት ቃላት አብረውት ከፍ ብለው ተሰሙ። ብቃት መለካቱን አልቃወምም። ፈተናው ግን የሚነግረን ሰውየው ምን እንደሚያውቅ ነው፤ የሚያውቀውን ለምን እንደማይሠራበት አይነግረንም። የመዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ፈተናውን ቢቀመጥ ያልፍ ነበር።

ከለውጦቹ ሁሉ በጉጉት የማየው በ2017 ሚያዝያ የተጀመረውን፣ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥበትን መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትን ነው። እዚያ በር ተዘግቶ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልበት ክፍል የለም። ሠራተኛው አዳራሹ ውስጥ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየው ይሠራል፤ ደቦው ማሳ ላይ ወጣ ማለት ነው። እርግጥ አዲስ ነገር ነው፣ ተመርጠውና ሠልጥነው የገቡ ናቸው፣ ኃላፊ ይጎበኛቸዋል፣ ካሜራ ይመጣል። ሐውቶርን የነበሩት ሴቶችም ሲጎበኙ ነበር። ካሜራው ሲሄድ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ መስኮቱ ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች የቀኑ ሥራ ስንት እንዲሆን በዓይን ይስማሙ ይሆን?

የእኛም ቢሮ ቆይቶ ዘመነ። ፊርማ መዝገቡ ተነሥቶ የጣት አሻራ መሣሪያ በሩ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ባልደረባዬ አርፍዶ አያውቅም። 2፡25 ሲሆን ጣቱን ያስነካል፣ መሣሪያው «ጢው» ይላል፣ እሱም ለቁርስ ይወጣል። 3፡15 ገደማ ይመለሳል።